የትኛው ቦረና?

ማክሰኞ፣ ጥቅምት ፬

ስኳር ከሱቅ ወደ ቤት ወጣ፤ ጻፍኩት። ይማም አንድ እስክሪብቶ አነሣ፤ እሱንም ጻፍኩት። ባሌ ነው ብዬ የምተወው መስሎት ነበር። ይህን ሁሉ ዓመት ጂኦግራፊ አስተምሬ የሚስቴ ሱቅ ባለዕዳ ሆንኩ ብሎ ከልቡ ሳቀ። ይሳቅ። ከሱቅ የወጣ ሁሉ በዕለቱ ይጻፋል፤ የሸጥነውም የበላነውም። የትዕግስት ትእዛዝ ነው።

ትዕግስት ከወረዳው ጽ/ቤት ናት፤ እኛን ትንንሽ ነጋዴዎችን ታሠለጥናለች። ዕድሜዋ ከታናሽ እህቴ ያንሳል። አፏ ግን ማንንም አይምርም። ዛሬ የቤቱንና የሱቁን ገንዘብ በአንድ ቦርሳ የሚይዝ እጁን ያውጣ አለች። ሁላችንም አወጣን። ሳቅ በሳቅ ሆነ። ስመለስ ሁለተኛ ቦርሳ ገዛሁ። ጥቁሩ የሱቅ፣ ቀዩ የቤት። ቀዩ ከወዲሁ ከስቷል።

ሐሙስ፣ ጥቅምት ፮፣ ከሰዓ. በኋላ

ባለፈው ወር የጻፍኩትን ደመርኩ። ማስታወሻዬ፣ ጉድ ነው የምነግርሽ። የምኮራበት ሳሙናና ስኳር ጠብ የሚል ትርፍ የለውም። ሱቁን እስከ ዛሬ ያቆመው ባናው ነው። እሱ ደግሞ ዘንድሮ አልሄድ ብሏል። ሰዉ ነብር የተሣለበትን የፋብሪካ ብርድ ልብስ ለመደ። ቀላል ነው፣ ቶሎ ይደርቃል ይሉኛል። ክምሩ ጣሪያ ሊነካ ነው።

ባናውን የሚሸምኑት አያ ሰይድ ናቸው። ከሱቄ ጀርባ ባለችው ክፍል፣ ከበግ ጸጉር። የአባቴ ጓደኛ ነበሩ። ዛሬ ቁርጡን ነገሩኝ። ክምሩ እስከ ኅዳር ካልተነሣ የሽመና ዕቃውን ሸጠው ኮምቦልቻ ልጃቸው ዘንድ ይገባሉ። ሳይቆጡ ነው የነገሩኝ። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር።

እንዲሄዱ አልፈልግም። ለሱቁ ብቻ አይደለም። ከግድግዳው ወዲያ የሚሸምኑበት ድምፅ ከሌለ ቀኑ አይነጋልኝም።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት ፰

ኢንተርኔት ላይ የሱቁን ገጽ ከፈትኩ! ትዕግስት እንዳለችው አደረግኩ። ፎቶ በቀን ብርሃን፣ በር ላይ። መጠኑ እንዲታይ ሰው ይልበሰው አለች፤ ይማምን ጠቀለልኩት። ዐይኖቹና ጫማው ብቻ ቀሩ። ዋጋውንም በግልጽ ጻፍኩ። ሁሉም ሻጭ «ዋጋ በውስጥ መስመር» ይላል፤ ገዢ ግን ዋጋ ለመጠየቅ ያፍራል፣ አይቶ ያልፋል አለችን። እውነቷን ነው፤ እኔም አፍራለሁ።

ከላይ በትልቁ፦ እውነተኛ የቦረና ባና። ይማም ከሥሩ የጻፍኩትን ሁሉ አንብቦ አንዱን «ሰ» ወደ «ሠ» ቀየረው። ሌላ ስሕተት የለውም አለ።

ሰኞ፣ ጥቅምት ፲

አልሐምዱ ሊላህ! ከአ.አ. ተደወለ። ወ/ሮ ሰብለ ይባላሉ። እንጦጦ ሥር የእንግዳ ማረፊያ አላቸው። ብርዱ እንግዶቹን ፈጃቸው። ክምሩን እንዳለ ነው የሚፈልጉት፣ እንዳለ! ግማሹን በቅድሚያ ይልካሉ።

ሮጬ ለአያ ሰይድ ነገርኩ። ወደ ሱቅ ስመለስ በግድግዳው በኩል መንዙማ ሲያዜሙ ሰማሁ። ደስ አላቸው ማለት ነው። እኔማ ለደንበኛ መልስ መስጠት ሁሉ ረሳሁ።

ረቡዕ፣ ጥቅምት ፲፪

መጻፍ አላሰኘኝም። እጽፋለሁ ግን።

ጠዋት ገጹን ብከፍት ሳቅ ብቻ። ባና ለግመል ነው ወይ? ከባናው ጋር ጃንጥላ አላችሁ? አልገባኝም። ቀልድ ነው ብዬ ተውኩት። ከዚያ ወ/ሮ ሰብለ ደወሉ። ድምፃቸው ሌላ ሆኗል። ሰው ጠይቄ ነበር፣ ቦረና በረሃ ነው አሉኝ አሉ። በዚያ ንዳድ ማን ባና ይሸምናል? ስንቱን ሰው እንዲህ በላሽው? አንድ ቃል ሳልመልስ ዘጉት። መልሼ ብደውል አይነሣም።

ሌባ መባል ምን እንደሚመስል አላውቅም ነበር። ሳሙናው ጀርባ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

ይማም ለምሳ መጣ። ነገርኩት። ግንባሩን መታ። ሌላው ቦረና! ደቡብ ያለው፣ ሞቃቱ፣ የከብትና የግመል አገር። አ.አ. ያለ ሰው ቦረና ሲባል እሱን ነው የሚያስበው። እኛ ደግሞ ቦረና ስንል ወረዳችንን ነው፣ ሌላ መኖሩም ትዝ አይለንም። እሺ፣ እኔ ባለሱቅ ነኝ። የጂኦግራፊ መምህሩስ? «ሠ» ሲያርም የት ነበረ? ምሳውን በላ፣ እኔ ግን አላናገርኩትም።

አያ ሰይድ ሁለት ጊዜ ብቅ ብለው መኪናው መቼ ነው የሚጭነው አሉኝ። ገና ነው አልኩ። ዋሸሁ።

ዓርብ፣ ጥቅምት ፲፬

ትዕግስት መጣች። ክርስቲያን ናት፣ ግን እንደ ሁላችንም ወላሂ ትላለች። ወላሂ የኔም ጥፋት ነው አለች። ቦታችሁን ጻፉ ብያለሁ፤ የማያውቀን ሰው እንዲያገኘን አድርጋችሁ ጻፉ ማለት ነበረብኝ። «አብሽሪ እቴ ዘምዘም፣ ቦረና የሚለውን አውጥተሽ ወሎ በይው፣ ያልቃል» አለችኝ።

ንዴቴ መጣ። የአገሬን ስም እንደ ስርቆት ዕቃ ልደብቅ? ደቡብ ወሎ እጨምራለሁ፣ መካነ ሰላም እጨምራለሁ፤ ቦረና ግን አይወጣም አልኳት። ጮክ ብዬ ሳይሆን አልቀረም፤ አያ ሰይድ ከጓዳ ወጡ። እውነቱን ነገርኳቸው። ወ/ሮ ሰብለ እንደተዉት፣ መኪናም እንደሌለ።

ሲያዝኑ ላለማየት አቀርቅሬ ነበር። የሰማሁት ሳቅ ነው። «ብርድ የለም ነው የሚሉት? ቦረና ብርድ የለም?» ደጋግመው ጠየቁ። ነገ ከሱብሒ ሶላት በኋላ ስልክሽን ይዘሽ ነይ አሉኝ።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት ፲፭፣ ጠዋት

ጣቶቼ ከብርዱ ገና አልተፍታቱም። ከመስጊዱ በታች ያለው ሣር ነጭ ብሎ አድሯል። አያ ሰይድ ባናቸውን ተከናንበው መሀል ቆሙ። ሲተነፍሱ ጭሱ ይታያል። ውርጩን በእጃቸው ዘግነው ወደ ስልኩ ዘረጉት። እንዲህ አሉ፤ ቃል በቃል እጽፈዋለሁ፦

«አሰላሙ አለይኩም። ይኸውላችሁ፣ የኛ ቦረና ይኼ ነው። ደቡብ ወሎ፣ መካነ ሰላም። የዚያኛው ቦረና ወንድሞቻችን ፀሐዩን ይዘዋል፤ አላህ ይጨምርላቸው። ለኛ ብርዱ ደርሶናል። የፈለገ ባና ይግዛ፣ ያልፈለገ ይንቀጥቀጥ።»

ሳቄ ቪዲዮው ውስጥ ገብቷል። ይማም እንቁረጠው አለ። አይቆረጥም። ገጹ ላይ እስኪወጣ ሱቅ ደጃፍ ላይ ስልኩን ኔትወርክ ፍለጋ ከፍ አድርጌ ቆምኩ።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት ፲፰

ስልኬ አላረፈም። የሚስቀው አሁን ከኛ ጋር ነው። የሚሰድብም አለ፤ ይስደብ።

ከዚያኛው ቦረና አንድ ሰው ጻፈልኝ። ሰላምታው ረጅም፣ ጨዋ ሰው። ልጁ ደሴ ትማራለች፣ በብርድ አለቀች፤ አንድ ባና ላኪላት አለ። የከፈለበትን ደረሰኝ ፎቶ ላከ። እንደተማርነው አደረግኩ። ፎቶ ገንዘብ አይደለም፤ የራስሽን ሒሳብ ሳታዪ ዕቃ አይወጣም። አየሁ፣ ገብቷል። ምርጡን መረጥኩላት።

ከሰዓ. በኋላ ወ/ሮ ሰብለ። ቪዲዮውን እንግዶቻቸው ናቸው ያሳዩአቸው። ይቅርታ ጠየቁ፣ ሁለቴ። ትንሽ ኮራሁባቸው፣ አልዋሽሽም። ከዚያ አንጀቴ አልቻለም፣ አብረን ሳቅን። ግማሹን ላኩ።

ሐሙስ፣ ጥቅምት ፳

ተጫነ። ይማም ራሱ ተሸክሞ ጫነ፤ ታርቀናል። መኪናው ዕቃውን የተረከበበትን የአደራ ደረሰኝ ፎቶ አንሥቼ ለወ/ሮ ሰብለ ላክሁ፣ ዋናውን ፋይል ውስጥ አስገባሁ። ወጪውን እዚያው ቆሜ ጻፍኩ፤ ጫኚዎቹ ስጽፍ እያዩ በቀልድ ተቀባበሉብኝ።

መደርደሪያው ባዶ ነው። ደስ ይላል፣ ያስፈራልም። ክምሩ ተነሣ። ግን አያ ሰይድ ኮምቦልቻን አላነሡ፣ አልተዉ። ለመጠየቅ ፈራሁ። ሰው አንዴ ልቡ ከሸፈተ ባናው መሸጡ ይመልሰዋል? ዛሬ ከግድግዳው ወዲያ ድምፅ የለም።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት ፳፪

ወ/ሮ ሰብለ ቀሪውን ከፈሉ። ሒሳቤን አየሁ፣ ሙሉ ነው። የአያ ሰይድን ድርሻ ቆጥሬ ይዤ ወደ ጓዳ ሄድኩ። ዛሬም ድምፅ የለም።

ዕቃው እንደተተከለ ነው። እሳቸው አጠገቡ እጃቸውን አጣጥፈው ተቀምጠዋል። ገንዘቡን አስቀመጥኩ። አላዩትም። ሊሄዱ ቢሆንስ እያልኩ አፌን ስከፍት ቀደሙኝ፤ ቁጣ! «አንቺ በስልክ ስትጫወቺ የበግ ጸጉሩ አልቆ ሁለት ቀን ሥራ ፈታሁ። በምን ልሽመን? በጢሜ?»

እንዲህ የጣመኝ ቁጣ የለም። እንባዬን ሳያዩ ወጣሁ። አይተው ይሆናል።

ነገ ወደ ከላላ ወረዳ እሄዳለሁ፣ ጸጉር ልገዛ። መኪና ካለ በመኪና፣ ከሌለ በበቅሎ። ነጩም ጥቁሩም፣ እስከ ክረምት የሚበቃ። ገንዘቡ ከጥቁሩ ቦርሳ... ቆይ፣ አያ ሰይድ እየጠሩኝ ነው። ጥቁሩ ጸጉር ይብዛ ነው የሚሉት መሰለኝ፣ ልስማቸው