በፀሐይ ያሰጣሁት ብረት

ለምናፍቅህ ወንድሜ ለክንዱ፣

ይህ ወረቀት በደህና ያግኝህ። ጤናህ እንዴት ነው? ጾሙን እንዴት ያዝኸው? ባለፈው የጻፍህልኝ የጀርባ ሕመም ለቀቀህ ወይ? ባለቤትህ መስከረምስ ደህና ናት? ልጃችሁ ህይወት ጥርስ አበቀለች? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ደህና ነኝ የምለው ጤናዬን ነው።

የላክኸውን ጠርሙስ ሾፌሩ ወገዳ ድረስ አምጥቶ አስረክቦኛል። ደብዳቤህንም አራት ጊዜ አነበብሁት። ባትሪ ጠጋኙ ከጉድጓዳችን በላይ አሮጌ ባትሪ ሲጥል ከርሞ እርሳስ የሚሉት መርዝ ውሃችን ውስጥ መግባቱ ገባኝ። በጠርሙሱ ያለው ጥቁር ነገር ከጤፍ ዱቄት እጅግ የላመ ብረት መሆኑን፣ ውሃ ውስጥ ሲበጠበጥ እርሳሱን ይዞ እንደሚዘቅጥ፣ ከዚያም በማግኔት እንደሚለቀም ተረዳሁ። የጠራውን ውሃ መልሰን ልከንልህ እስክትመረምረው ማንም እንዳይቀምስ ያልኸውንም ለሰው ነገርሁ። ያልገባኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ክዳኑን ቀድመሽ እንዳትከፍቺ ያልኸኝ ለምን እንደሆነ።

ከመንደሩ ሰው ጋር ለእሑድ ተቀጣጥረን ቅዳሜ ጠዋት ጠርሙሱን ሳየው ውስጡ እርጥብ ነው። ወንድሜ ቸኩሎ ሳያደርቀው ላከው ብዬ አዘንሁልህ። ለዘር የምናስቀምጠውን ገብስ ሳናሰጣ መች ጎተራ እናስገባለን? ከፈትሁት። አረቄ አረቄ ይሸታል። ፈሳሹን ደፋሁና ጥቁሩን በትሪ አድርጌ ፀሐይ ላይ አሰጣሁት። ጥቂት ቆይቼ ብነካው ከፀሐዩ በላይ ይሞቃል። ወዲያው ከዳር እስከ ዳር ቀላ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሰው ሁሉ ጉድጓዱ አፍ ተሰበሰበ። በበርሜሉ ውሃ ላይ ጨምሬ በጠበጥሁት፤ ውሃው የክረምት ጎርፍ መሰለ። የላክኸው ማግኔትም ባዶውን ወጣ። ደጉን ታውቀዋለህ፣ እንዲህ ያለ ቦታ አፉ አያርፍም። «ይህማ የማረሻዬ ዝገት ነው። ከአዲስ አበባ ድረስ ምን አስላከሽ፣ እኔ ቤት በቁና አለልሽ» አለኝ። ሰው ሳቀ። ፈሳሹ ከዝገት ሲጠብቀው ኖሮ እኔ እንደደፋሁት ያኔ ገባኝ፤ አሰጣሁት ማለቱን ግን አፍሬ ዝም አልሁ። መድኃኒትህ ከንቱ ነው ብለው ሲበተኑም ዝም አልሁ። በማግስቱ እንደ እስከዚያው ሁለት ሰዓት ተጉዞ ከወንዝ የሚቀዳ ጠፋ፤ ሁሉም ወደ ጉድጓዱ ተመለሰ።

ወንዝ የምወርደው ብቻዬን ሆነ። ከእኔ ጋር ትወርድ የነበረችው ጎረቤታችን ርብቃ ያንን ውሃ እያፈላች ለሕፃኗ ስታጠጣ በየቀኑ አያለሁ። ማፍላት እርሳስን እንደማያወጣው ጽፈህልኝ ነበር። በሚቀጥለው እሑድ ቄስ ወልደማርያም ሕዝቡን ሳያሰናብቱ፣ «አባቴ፣ አንድ ቃል ይፍቀዱልኝ» ብዬ ተነሣሁ። ጥፋቱ የወንድሜ አይደለም፣ ከፍቼ ያሰጣሁት እኔ ነኝ አልሁ። ያን ዕለት ደጉ እንኳ አልቀለደም። ቄስም፣ «እስከ ፋሲካ ከጉድጓዱ አትቅዱ። እስከዚያ ሌላ ከመጣ እናያለን፤ ካልመጣ ግን እኔም ሰውን መያዝ አልችልም» አሉ።

ከዚያ ርብቃ ደጃፌ ድረስ መጣች። «ሳምንቱን ሙሉ ጀሪካኔን እያየሽ ደህና ዋልሽ ትይኝ ነበር» አለችኝ። አሁን ወንዝ የምትወርደው እኔ ከተመለስሁ በኋላ ነው። መንገድ ላይ ስንገናኝ ፊቷን ወደ ማዶ ታዞራለች። እናታችን ካረፈች ወዲህ የማወራው ከእሷ ጋር ብቻ ነበር።

አትቆጣኝ አልልህም። ተቆጣኝ፣ ግን ከፋሲካ በፊት ሌላ ጠርሙስ ላክልኝ። ከቻልህ ራስህ ይዘኸው ና። ሕፃኑን ሐኪም እንዲያየው ለርብቃ አንተ ብትነግራት ትሰማሃለች፤ እኔን አትሰማኝም።

መስከረምን ሰላም በልልኝ፤ የላከችልኝን ሻሽ ለበዓል አቆይቼዋለሁ። ህይወትን ሁለቱንም ጉንጯን ሳምልኝ። ቄስ ወልደማርያም በጸሎት እንዳልረሱህ ንገሪው ብለዋል። ደጉም ሰላም ብሎሃል። ርብቃ ከዚህ በፊት በጻፍሁልህ ሁሉ ላይ ሰላምታዬን አስገቢልኝ ትል ነበር። ዛሬ ወረቀቱን ይዤ በበሯ አለፍሁ፤ ምንም አላለችኝም።

እህትህ ውዴ
ወገዳ፣ ስማዳ
መጋቢት 24 ቀን 2005 ዓ.ም.