ከቃሉ የቀደመ ሳቅ

ኅዳር 3

እንደ ወትሮዬ ከቁርስ በኋላ ወደ ቴአትር ቤቱ ወረድኩ። ዘበኛው ኮፍያውን አንሥቶ፣ «ጋሼ፣ እንግዳ አለብዎት» አለኝ። ከባሕር ማዶ የመጣ አዘጋጅ ነው። «የልብስ ሰፊው ቤት»ን ወደ አንድ ትልቅ የቴአትር ፌስቲቫል ሊወስደው ይሻል... በወጣትነቴ የጻፍኩትን፤ ልጄ እናቲቱን ሆና የምትጫወትበትን።

እጄን ጨብጦ አልለቅ አለ። አወደሰኝ፤ ደግሞ አወደሰኝ። እኔ ደግሞ ምስጋና ሲበዛብኝ ኪሴን እዳብሳለሁ። ምን ሊወስድብኝ ይሆን?

ኅዳር 6

ታወቀ።

በአስተርጓሚው በኩል ተናገረ። የእናቲቱ የመጨረሻ ንግግር ይውጣ አለ። ረዥም ነው፤ ቋንቋውን የማያውቅ ሕዝብ አይታገሠውም። በምትኩ ከበሮና ውዝዋዜ ይግባ።

«ልጇ ጥሏት የሄደ እናት ምን አግኝታ ትወዛወዛለች?» አልኩ።

አስተርጓሚው ይህን የተረጎመው አልመሰለኝም። ሰውየው ፈገግ አለ። ቀጥሎም፣ ተዋንያኑ በባዶ እግራቸው ቢሆኑስ? «ይበልጥ እናንተን ይመስላል።»

ልብስ ሰፊውን የሚጫወተው የድሮ ወዳጄ፣ በሆዱና በድምፁ «ጄኔራሉ» የምንለው፣ ከመድረክ ላይ መለሰለት። «ወለሉ መርፌና ስፒል የፈሰሰበት ቤት እኮ ነው! ጫማዬን ካወለቅሁ ውዝዋዜው ራሱ ይመጣል።»

ሁሉም ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም። የሚፈለገው ለካ እኛ አይደለንም፤ እኛን የሚመስል ነገር ነው። ይህ ገበያ በየአገሩ ስንቱን ቴአትር ጫማ አስወልቆ ይሆን?

ኅዳር 8

ልጄና አዘጋጁ በአልባሳት ክፍሉ በር ዘግተው ሲነጋገሩ ደረስኩባቸው። እሷ ቋንቋውን ታውቃለች። ስገባ ዝም አሉ።

የቤት ቀጋ፣ የውጭ አልጋ... ልጄ?

ኅዳር 11

ቴአትሩ በፌስቲቫሉ መራጮች ፊት ለሙከራ ታየ። ትርጉሙ ከመድረኩ በላይ ግድግዳው ላይ በብርሃን ይነበባል፤ መብራት ሠራተኛው ቁልፍ በተጫነ ቁጥር መስመሩ ይቀየራል።

ጄኔራሉ በድርሰቱ ያለችውን ቀልዱን ሊናገር ገና አፉን ሳይከፍት አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ምስኪን፣ ዞር ብሎ የሱሪውን ዚፕ ዳበሰ! ቀልዱን ሲናገር ግን አንድም ሰው አልሳቀለትም። ግድግዳው ቀድሞታል። ልጄም የመጨረሻውን ንግግር ስታሰማ ሁሉም አንገቱን አንጋጦ ያነብብ ነበር። ፊቷን ያየ የለም።

ዱሮ ተዋናይ ከተመልካች ትንፋሽ ጋር ይጫወት ነበር። ዛሬ ከግድግዳ ጋር ይሽቀዳደም?

ሆን ተብሎ የተደረገ ነው። ቃላችን እንደማይረባ ሊያሳዩን።

ኅዳር 12

ቁርስ ላይ አላስችል አለኝ።

«ከሰውየው ጋር ምን ስትመክሩ ነበር?»

ልጄ ማንኪያዋን አስቀመጠች። «አባዬ፣ አንተ እኮ ጥላህንም ‹ለምን ተከተልከኝ› የምትል ሰው ነህ።»

«መልሽልኝ።»

«ንግግሩን ሊያስወጣው ወስኖ ነበር። መጀመሪያ በትርጉም እናሳያቸው፣ ካልያዛቸው ታወጣዋለህ ብዬ ለመንኩት። ነገ ድጋሚ ያዩታል። እንደ ትናንቱ ከሆነ ግን... በቃ።»

«መብራት ሠራተኛው ነው ያበላሸው።»

«እሱ ምን ያድርግ? ጽሑፉን እንጂ እኛን አያይም። የት እንደምንተነፍስ በምን ይወቀው?» ሻይዋን አማሰለች። «የሚያውቅ አንድ ሰው አለ። ማሽን ይጠላል እንጂ።»

እኔን ነው። ይህስ ወጥመድ ይሆን?

ኅዳር 13

መብራት ክፍል ገብቼ ተቀመጥኩ። ጣቴ ቁልፉ ላይ። ጄኔራሉ ከቀልዱ በፊት ትከሻውን ከፍ ያደርጋል፤ ትከሻው ሲወርድ ተጫንኩ። ሳቁ በሰዓቱ መጣ! እሱም እንደ ሹመት ተቀበለው።

የመጨረሻው ንግግር ደረሰ። ልጄ የሄደውን ልጅ ኮት አቅፋ ቆመች... አዳራሹ እንደገና ሊያንጋጥጥ ነው። አየሁና አላስቻለኝም። ማጥፊያውን ተጫንኩ። ግድግዳው ጨለመ።

«ጋሼ! ምን ነካዎት?» አለ መብራት ሠራተኛው።

«ዝም በል።»

የሚያነብቡት ሲያጡ ዓይናቸውን ወደ እርሷ አወረዱ። ተናገረች፤ በገዛ ቋንቋችን፣ ከዳር እስከ ዳር። የተቁነጠነጠ የለም። ፊት ወንበር ላይ ያለች አንዲት መራጭ መነጽሯን አውልቃ ዓይኗን ጠረገች።

አዘጋጁ እየሮጠ መጣ። አስተርጓሚውን ሳይጠብቅ በእኛው ቋንቋ፣ «ተበላሸ?» አለኝ።

«ተበላሸ» አልኩት።

ለካ ቋንቋችንን ይሰማል! እስከ ዛሬ ስንቱን ሰምቶን ይሆን?

ኅዳር 20

ንግግሩ ይቆያል። ጫማውም። ከበሮው ቀረ።

የፌስቲቫሉ ማስታወቂያ ደረሰን። «በመጨረሻው ትዕይንት የግድግዳው መጨለም፦ የአዘጋጁ ድንቅ ፈጠራ» ይላል። አላልኩም? መውሰዱስ አልቀረም።

ጄኔራሉ ሆዱን ይዞ ሳቀ። «ተወው ወንድሜ፣ የወሰደው ጨለማ ነው። ይበለው!»

ማታ ልጄ፣ እዚያ ባሕር ማዶ ቁልፉን የሚጫን የራሳቸው ባለሙያ እንዳለ ነገረችኝ። ጎበዝ ነው አሉ። ይሁና... የጄኔራሉን ትከሻ ያውቃል? ልጄ ኮቱን ስታቅፍ እጁ አርፎ ይቀመጥለታል?

ዕድሜዬን ሙሉ ከአገር ወጥቼ አላውቅም። «ማን ያየኛል፣ ማንንስ አያለሁ» እል ነበር።

ሻንጣዬን ከቁም ሣጥኑ ላይ አውርጄ አቧራውን አራገፍኩ።