ጥግ የተቀመጠው ቢሾፕ

ረቡዕ
ዕጣው ወጣ። በወዲህና በማዶ ሞያሌ የቼዝ ግጥሚያ ቅዳሜ የሚደርሰኝ ወንድሜ ታደሰ ነው። ባሌ ጉዮ ይህን የሰማው ለአዲሱ ሞባይሉ ኔትወርክ ፍለጋ ኮረብታ ወጥቶ ነው። ሲነግረኝ የስፌት መርፌዬ ጣቴን ወጋኝ። ታደሰ ከድንበሩ ማዶ፣ ኢትዮጵያ በኩል፣ በእግር ግማሽ ሰዓት ቢርቅ ነው። ሳላማክረው ስላገባሁ ሦስት ዓመት አላናገረኝም። በቼዝ ግን ከጨዋታ በፊት መጨባበጥ ግድ ነው። እስኪ እጁን ሲነፍገኝ አያለሁ።

ሐሙስ
ልምምድ። ጉዮ አስተማሪ ነው፤ ቤትም ውስጥ አይተወውም። ከፈረሱ ፊት ያለውን ወታደር አንድ እርምጃ፤ እሱ በለቀቀው ቦታ ቢሾፑን፤ ንጉሡን ከጎኑ። ቢሾፑ ጥጉ ላይ ሆኖ ሰሌዳውን ከዳር እስከ ዳር በሰያፍ ያያል። ታደሰ ቼዝ ሲያስተምረኝ "ቢሾፑን ጥግ የሚሸጉጥ ሰው ፈሪ ነው" ይለኝ ነበር። ለዚህም ነው እንዲህ የምጫወተው። እልኸኛ ነኝ፤ ከማን እንደወረስኩት ይታወቃል።

ዓርብ
አሥር ጊዜ ተጫውተን ስድስቱን ተሸነፍኩ። አደጋው ገብቶኛል፦ ቢሾፑ ከሞተ ንጉሡ አጠገብ ቀዳዳ ይቀራል፤ ወታደር ደግሞ ወደ ኋላ አይመለስም።
"ፖሌ ፖሌ፣ ሰኒ" አለኝ ጉዮ በስዋሂሊ፣ ቀስ በይ ማለቱ ነው፤ "ምንም ቢሰጡሽ እሱን አትልቀቂ።"
ቀሚሴን ተኩሻለሁ።

ቅዳሜ
ጨበጠኝ። ዓይኔን ግን አላየም። ፀጉሩ ሸብቷል፤ ማንም አልነገረኝም። በጨዋታው መሐል እሱን እሱን ሳይ ቢሾፔ ዘመም ያለ መሰለኝና፣ የልብስ ሰፊ አመል ሆኖብኝ፣ ላቃናው ነካሁት።
"ነክተሽዋል። ትጫወቺዋለሽ።"
በሦስት ዓመት የመጀመሪያ ቃሉ ይህ ሆነ። ሳቅም እንባም መጣብኝ። የትም ብወስደው የሚበላ ነበር፤ ፈረሱን በልቶልኝ ሞተ። ንግሥቱ በዚያችው ቀዳዳ ገብታ ጨረሰችኝ።
ተነሥቶ ይሄዳል ስል ጠጠሮቹን መልሶ ደረደረ።
"እስክትነኪው ድረስ እኮ እየረታሽኝ ነበር። ይህን አጨዋወት ማነው ያሳየሽ?"
"ባሌ ነው፣ ጋሼ።"
ንጉሡን በጣቱ አቃናው። ከዚያ፣ "ነገ ቤት ይኖራል?" አለኝ።

እሑድ
ማንያታ ሰፈር ያለችው ቆርቆሮ ቤታችን ታደሰ ስኳር ይዞ መጣ። ከጉዮ ጋር ለጨዋታ ተቀመጡ። እንዲሸነፍለት በዓይኔ ለመንኩት፤ አላየኝም፣ ወይም እንዳላየ ሆነ። ቢሾፑን ጥጉ ላይ አስቀምጦ እስከ መጨረሻው ሳይለቅ ወንድሜን ረታው። አሁን ተነሥቶ ይወጣል ብዬ ፈራሁ።
ታደሰ ሰሌዳውን ብዙ አየ።
"አንተ አማች" አለው፤ "እስቲ ከመጀመሪያው አሳየኝ።"
ይህን ስጽፍ ጎን ለጎን ተቀምጠው ይጨቃጨቃሉ። ምሳው ቀዝቅዟል። ይቀዝቅዝ።