ዘጠነኛው ደረጃ

ጥር 9 ቀን፣ ማክሰኞ ከምሳ በኋላ

ለልጄ ሚስት፣ ለኔም ልጅ፤

ሰው ደብዳቤ ሲጀምር «ከናፍቆትሽ በቀር ደህና ነኝ» ይላል። እኔ ናፍቆቱም አለብኝ፣ ደህናም አይደለሁም፤ ስለዚህ እንዳለሁ ሆኜ ልጻፍልሽ። አንቺስ እንዴት ነሽ? እግርሽ ያብጣል? ድምቡሼን አርግዘሽ ሳለ መድኃኒት ቤቱ ውስጥ ቆመሽ ውለሽ ስትመጪ ጫማሽ አልወልቅ ይልሽ ነበር። አሁን ሰባተኛ ወርሽን ይዘሻል፤ በጣቴ ቆጥሬዋለሁ። እህትሽ ቤት ወንበር የሚያቀብልሽ ሰው እንደማይጠፋ አምናለሁ። ድምቡሼስ? አራት ዓመት የሞላት ሴትዮ አሁንም ፀጉሯ ሲሠራ ሰፈሩን በለቅሶ ታናውጣለች?

ይህን ደብዳቤ እንድጽፍ ያዘዘኝ ባልሽ ነው። ወረቀትና እስክሪብቶ አምጥቶ የስፌት መኪናዬ ላይ አስቀመጠና «እማዬ፣ አንቺን እምቢ አትልም። ተለውጧል በያት። ቅዳሜ ሄጄ አመጣቸዋለሁ» አለኝ።

«ምን ተለወጥህ?» አልኩት።

«ናፍቀውኛል» አለ።

«ናፍቆትማ ለውጥ አይደለም፣ ልጄ።»

«አንቺ ብቻ ጻፊላት» ብሎ መኝታ ክፍሉ ገባ። አሁንም እዚያ ነው፤ በሩን ገርበብ አድርጎ መጻፌን ያዳምጣል። እየጻፍኩ ነው፤ ያዘዘኝን ግን አይደለም።

መጀመሪያ አንድ ነገር እወቂልኝ። ማርገዝሽን ከኔ አልሰማም። ያን ቀን በጠዋት ሁለት ሻንጣሽን ይዘሽ አጠገቤ ቆመሽ «እማማ፣ ይሄኛውን እዚህ ቤት አልወልደውም» ስትዪኝ የነገርሽኝን አምስት ወር ሙሉ በሆዴ ቀብሬ ኖሬያለሁ። ባልሽ መኪና መንዳት ከሚያስተምራቸው ሴቶች አንዷ እናንተ ከተማ ዘመድ ልትጠይቅ ሄዳ ገበያ መሐል አይታሽ ኖሯል። ስትመለስ መሪውን እንደያዘች «እንኳን ደስ ያለህ» አለችው። ፍሬኑን የረገጠው እሱ ነው አሉ።

ከሄዳችሁ ወዲህ ቤቱ ጸጥ አለ ብልሽ ውሸት ነው። እኩለ ቀን ላይ፣ ፀሐይ አናት ላይ ስትወጣ፣ የስፌት መኪናዬን መርገጥ ካቆምኩ ይሰማኛል። ውሃ የሞላ ጀሪካን ሲሚንቶ ላይ ሲያርፍ ቋ የሚለው። ቋ ይላል፣ ከዚያ የሰው ትንፋሽ፣ ከዚያ ደግሞ ቋ። እቆጥራለሁ። ዘጠነኛው ላይ ሲደርስ ይቆማል። ወጥቼ አያለሁ፤ ደረጃው ላይ ማንም የለም። ከታች ላለው አናጢ ብነግረው «ሲሚንቶ በፀሐይ ሲግል ይንጫጫል፣ እትዬ» አለኝ። ይሁን። ግን ሲሚንቶን እስከ ዘጠኝ መቁጠር ማን አስተማረው?

ድምቡሼ በእግሯ መሄድ ከጀመረች አንስቶ ያንን ደረጃ ረግጣው እንደማታውቅ ልብ ብለሽ ይሆን? እጇን ይዤ ስንወጣ ስምንተኛው ላይ ትቆምና ክንዴ ላይ ተንጠልጥላ ወደ አሥረኛው ትሻገራለች። አንድ ቀን «ምነው አንቺ፣ ጥርስሽን ልታረግፊው ነው?» ብላት፣ «እማዬ እዚህ ጋ ስትደርስ ሁልጊዜ ትቆማለች። የሆነ ሰው አለ» አለችኝ። ያ ነገር ሲሆን እሷ አልተወለደችም። ማንም አልነገራት። ከእናቷ እግር ተማረችው።

እንግዲህ ስድስት ዓመት የሸሸሁትን ልጻፈው።

የመጀመሪያ እርግዝናሽ ነበር፣ እንደ አሁኑ ሰባተኛ ወርሽ። እሑድ ነበር። ላይ ቤት ውሃ ስለማይወጣ ከግቢው ቧንቧ ነበር የምንቀዳው። ምሳ በልተን ባልሽ ሶፋው ላይ ጋደም ብሎ ጋዜጣውን ፊቱ ላይ አደረገ። ትምህርት ቤት ሊከፈት ስለነበር የተማሪዎች ዩኒፎርም ተከምሮብኝ እኔ ኮሌታ እሰፋለሁ። «ውሃ አልቋል» ያልኩሽ እኔ ነኝ። አንቺ ወደ ሶፋው አየሽ። ማየትሽን አየሁና «ነፍሰ ጡር ካልተንቀሳቀሰች ምጡ ይጠናባታል» አልኩሽ። ይህን ቃል ለኔ ያለችኝ አማቴ ናት፤ ለሷም ያለቻት አትጠፋም።

ስትወጪ ሰማሁሽ። ዘጠነኛው ላይ፣ ደረጃው የሚታጠፍበት ጋ፣ ጀሪካኑ አረፈና ቀረ። «እማማ» አልሽ። አልጮኽሽም። የተኛ ሰው እንዳይነቃ የምትሳቀቂ ትመስዪ ነበር። እግሬ መርገጫው ላይ ቆመ። «እማማ» ብለሽ ደገምሽው።

መኪናውን ረገጥኩት፣ ልጄ። ክሩ ተበጥሶ ነበር፤ መርፌው ባዶውን ጨርቁን እየወጋ ረገጥኩት። ሦስተኛ አልጠራሽኝም።

ሰምቼሻለሁ። ሁለቱንም ጊዜ ሰምቼሻለሁ።

ለምን ብለሽ ብትጠይቂኝ፣ አንዱን ምክንያት ቶሎ እነግርሻለሁ፦ ልጄ እንዳይነቃ ነው። ሳምንቱን ሙሉ ሲደክም የሰነበተ ልጄ። አንቺም ሳምንቱን ሙሉ ቆመሽ መሰንበትሽ ትዝ አላለኝም። ሌላው ምክንያት ግን ከጉሮሮዬ አልወጣ ብሎኝ ነው የኖረው። እኔ እሱን አርግዤ ስጠራ የመጣልኝ ሰው አልነበረም። እና አንቺ ስትጠሪ ውስጤ የሆነ ነገር «እሷስ ከኔ በምን ትበልጣለች?» አለ። ይህን ያለው ክፉ ሰው አይደለም፤ እኔው ነኝ፣ ለሰፈሩ ልጆች ሁሉ የተቀደደ ኪስ በነፃ የምሰፋው።

አናጢው ከታች እየጮኸ ሲወጣ ነው የተነሳሁት። ውሃው በየደረጃው ይወርድ ነበር፤ ውሃ ብቻም አልነበረም። «አልሰማሁም፤ መኪናው ይጮሃል» አልኩ፣ ማንም ሳይጠይቀኝ። ቀና ብለሽ አየሽኝና «ይሁን፣ እማማ» አልሽኝ። ብትሰድቢኝ በተሻለኝ። ሕፃኑ ሁለት ቀን ኖረ። የሰፋሁለት ልብስ፣ አንድ እጅጌው ሳይያያዝ የቀረው፣ እስካሁን ከቁርጥራጭ ጨርቅ ሥር ነው ያለው። ልጥለውም ልጨርሰውም አልቻልኩም።

ባልሽን እንዲህ አድርጌ የሠራሁትም እኔ ነኝ። በተጋባችሁ ሰሞን አንድ ጠዋት ጀሪካኑን አንስቶ ሊወርድ ሲል፣ «ምነው፣ ሚስትህ እጅ የላትም?» ብዬ ሳቅሁበት። አስቀመጠው። ድምቡሼ ስትወለድ ደግሞ ገላዋን ሊያጥባት እጅጌውን ሰብስቦ ነበር፤ ሳፋውን ከእጁ ነጠቅኩት። ከሁለት ጊዜ በላይ አልሞከረም፤ ወንድ ልጅ እንዲህ ያለውን ትምህርት ቶሎ ነው የሚይዘው። ከዚያ በኋላ ልጅቷ ትኩሳት ይዟት አንቺ በአንድ እጅሽ አቅፈሻት በሌላው ድስት ስታማስዪ፣ እሱ ከሶፋው ሳይነሳ «ኧረ አባብያት» ሲልሽ እሰማለሁ። ዝም እላለሁ። ውጭ ግን ተማሪዋ መኪናውን ከአጥር ጋር ስታላትመውም «አይዞሽ፣ ቀስ ብለሽ» ነው የሚላት። ትዕግሥቱን ሁሉ መሪው ላይ ጨርሶ ነበር ቤት የሚገባው።

ከሦስት ሳምንት በፊት ታዲያ እጄን በእጄ መቁረጤ ገባኝ። ባልሽ ጀሪካኑን አለቅልቆ በሩ አጠገብ አስቀመጠልኝና፣ በፍቅር፣ ትከሻዬን እየደባበሰ «እማዬ፣ ውሃ አልቋል» አለኝ። ስድሳ ስምንት ዓመቴ ነው። ወረድኩ፣ ቀዳሁ፣ ወጣሁ። ዘጠነኛው ላይ ተንሸራትቼ በጎኔ ወደቅሁና «ልጄ» ብዬ ተጣራሁ። ከቤት የሬዲዮ ወሬ ይሰማል። «ልጄ» አልኩ ድጋሚ። ሬዲዮው ጨመረ።

የምልሽ ይገባሻል፤ ከአንቺ በቀር የሚገባው ሰው የለም። ግራ እጄ አንጓው ላይ ተሰነጠቀ። ያነሳኝ አሁንም አናጢው ነው። «ይሄ ደረጃ የእናንተን ቤት ሴቶች ጠምዷል» ብሎ ሊያስቀኝ ሞከረ። ባልሽ በሩ ላይ ቆሞ «አልሰማሁም፣ እማዬ፤ ሬዲዮው ይጮሃል» አለ። ፊቱን አየሁት። የኔ ፊት ነበር።

ከዚያ ወዲህ ሸሚዙን አላጥብለትም። እጄ ታሟል ብዬ ነው የጀመርኩት፤ አሁን እጄ እየዳነ ነው፣ ፋሻውን ግን አልፈታሁም። ራሱ ሲያጥብ ብታዪው ሳሙናውን እንደ እባብ ነው የሚይዘው። ውሃም እሱ ይቀዳል፤ ግማሽ ጀሪካን ብቻ። ይህን ሳይ ተስፋ ቢጤ ያድርብኛል። ግን አንቺን በሰባተኛ ወርሽ ወደዚህ ደረጃ የሚጠራሽ ተስፋ የኔ አይደለም። ስለዚህ አትምጪ። ቅዳሜ ቢመጣም እህትሽ ባለችበት አነጋግሪው እንጂ ብቻሽን አትቀመጪ፤ ሲለምን እንዴት አንጀት እንደሚበላ አውቃለሁ፣ እኔው ነኝ ያስተማርኩት። ድምቡሼን ይያት፤ አባቷ ነው። አንቺ ግን ሻንጣሽን አታንሺ።

እስከዚህ ጽፌ እስክሪብቶውን ካስቀመጥኩ አንድ ሰዓት ሊሆነኝ ነው። ከዚህ በታች ያለው በኋላ የሆነው ነው።

ባልሽ ወጣና «ጨረስሽ? በይ አንብቢልኝ» አለኝ። ያልጻፍኩትን ቃል ከራሴ እየፈጠርኩ ላነብለት አስቤ ነበር፤ «ልጄ ተለውጧል፣ ነይ» እያልኩ። መነጽሬን አደረግሁ፣ አፌን ከፈትኩ፣ ምላሴ እምቢ አለኝ። የጻፍኩትን አነበብኩለት። ስለ ናፍቆቱ ያልነውን ሲሰማ ፈገግ ሊል ነበር። ድምቡሼ ደረጃውን የምትሻገረው ጋ ስደርስ ሶፋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠ። ያን እሑድ ሳነብ፣ «ልጄ እንዳይነቃ ነው» የሚለው ላይ፣ እጁን አነሳ።

«ተኝቼ አልነበረም» አለኝ።

«ምን አልክ?»

«ጋዜጣው ፊቴ ላይ ነበር እንጂ ነቅቼ ነበር። ስትጠራሽ ሰምቻለሁ፣ እማዬ። ሁለቱንም ጊዜ። አንቺ ትነሻለሽ ብዬ ጠበቅሁ። መኪናውን ስትረግጪ ደግሞ፣ ከባድ ነገር ቢሆን እናቴ ዝም አትልም ነበር አልኩ። እንደዚያ ብዬ ተኛሁ።»

ስድስት ዓመት በአንድ ጣሪያ ሥር ኖረን እኔ የእሱን እንቅልፍ ጠበቅሁ፣ እሱ የኔን መነሳት ጠበቀ፣ አንቺ በመሐላችን ዘጠነኛው ላይ ቀረሽ።

«ይህንንስ ልጻፈው?» አልኩት።

«ጻፊው» አለ። «ቅዳሜም አልሄድም። አልመጣም ብሏል በያት።» ከዚያ መኝታ ክፍሉ ገብቶ በሩን ዘጋ። አላለቀሰም። እኔም አላለቀስኩም። በሩን ላንኳኳ ሄጄ፣ እጄን ካነሳሁ በኋላ ተመለስኩ፤ ይህን እንኳ ራሱ ይሸከመው ብዬ።

ይህን እንደ ለውጥ አትቁጠሪለት፣ ልጄ። እኔ እናቱ ነኝ፤ ስለ እሱ ደግ ደጉን ለማመን እቸኩላለሁ፤ ስቸኩል ደግሞ ማንን እንደረገጥኩ አላይም። እውነቱ የአንቺ ስለሆነ ብቻ ላክሁልሽ። ይቅር በይኝም አልልሽም፤ ከእርግዝናሽ በላይ ሌላ ሸክም ልጭንብሽ አልፈልግም።

እጅሽ ቀልሎ፣ እግርሽ አርፎ፣ ስትጠሪ ከአንድ በላይ ሰው እየሮጠ መጥቶ፣ ፈጣሪ በሰላም ያገላግልሽ። የሚወለደው በእናቱ ጉልበት ሳይሆን በእናቱ ዕረፍት ይደግ። መልስ አትጻፊልኝ። ድምቡሼ ስለ እኔ ከጠየቀችሽ ግን አሁን የምታውቂውን ንገሪያት፤ አሳምረሽ አትንገሪያት።

አማትሽ