ከመረብና ከጃንጥላ የተሠራ የገና ዛፍ

ማክሰኞ፣ ታኅሣሥ 21

መረቡ አሁንም ይሸታል። በዱቄት ሳሙና አጠብኩት፣ በሎሚ አሸሁት፣ ፀሐይ ላይ አሰጣሁት። የዓሣው ሽታ ግን ወይ ፍንክች። የጎረቤት ድመት ሥሩ ተኝታ ዋለች። ሳባርራት በአጥሩ ዞራ ትመጣለች።

ያገኘሁት ሐይቁ ዳር፣ አሞራ ገደል ዓሣ ገበያ ነው። የዓሣ ሾርባ ልጠጣ ወርጄ፣ አጥማጆቹ የተበጫጨቀ አረንጓዴ መረብ ጠቅልለው ሊጥሉ ሲሉ ደረስኩ። ስጡኝ አልኳቸው። አንደኛው፣ ጋሼ በስተርጅና ማጥመድ ጀመሩ ወይ ብሎ አሾፈብኝ። ለዶሮ ቤት ነው ብዬ ዋሸሁ። ጡረታ የወጣ የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ የገና ዛፍ ሊሠራ ነው ቢባል ወሬው ከእኔ ቀድሞ የከተማችን ፒያሳ ይደርስ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ልጃችን ምሕረት ወልዳ፣ ባለቤቴ ታደለች ልታርሳት አዲስ አበባ ከሄደች ቆየች። በኅዳር እመለሳለሁ ብላ ነበር። ከዚያ ሕፃኑን ሳል ያዘው። ከዚያ ምሕረት እንቅልፍ አጣች። አሁን ገና ደረሰና ስለመምጣቷ ወሬም የለ። ነይ እንዳልላት፣ አራስ ትተሽ ነይ ይባላል? ደግሞም በትዳር ዘመናችን ሁሉ እንዲህ ያለ ነገር ከአፌ ወጥቶ አያውቅም።

ቤታችንን በየገናው የምታስጌጠው እሷ ናት። አዲስ ነገር ገዝታ አታውቅም፤ ከሰልባጅ፣ ከባዶ ጣሳ፣ ከተቀደደ መጋረጃ ነው የምትሠራው። ዘንድሮ እኔ ሠርቼ ፎቶውን እልክላታለሁ። ስታየው ቤቷ ይናፍቃታል፣ ትመጣለች። ዕቅዴ ይኸው ነው።

ረቡዕ፣ ታኅሣሥ 22

ዛፉ አልቆም አለ።

ጥድ መቁረጥ ከተውን ዓመታት አልፈዋል። አምና ታደለች የመጥረጊያ እንጨት ላይ የልብስ ማንጠልጠያ ሽቦ አስራ ነበር የሠራችው። አፍርሳ የት እንዳስቀመጠችው ባገላብጥ ባገላብጥ አጣሁት። በምትኩ ነፋስ የገለበጠው አሮጌ ጃንጥላዋ እጄ ገባ። ጨርቁን ገፈፍኩና ሽቦውን አስቀረሁ። ግማሽ ድረስ ከፍቼ አሰርኩት። ከላይ ሾጠጥ፣ ከታች ሰፋ፤ መረቡን ሲለብስ ዛፍ ነው። እጀታውን ጠጠር የሞላ የዱቄት ወተት ጣሳ ውስጥ ተከልኩት። ወደ ግራ ያዘነብላል። ስደግፈው ወደ ቀኝ።

ጣሳውን ስፈልግ ቁም ሳጥኑን ከፈትኩና ነጠላዋን አየሁ። የመጣሁበት ጉዳይ ጠፋብኝ። አልጋው ጠርዝ ላይ ቁጭ አልኩ። ስንት እንደቆየሁ እንጃ። ጣሳ ቁም ሳጥን ውስጥ እንደማይቀመጥ ትዝ ያለኝ ከዚያ በኋላ ነው።

ወደ ማታ ደወለች። ምን በላህ አለችኝ። በልቻለሁ አልኳት። ቤቱስ? ደህና ነው። ዶሮዎቹስ? ይጠይቁሻል አልኩ። ሳቀች። በሳቋ መሃል እኔም ብዬ ልቀጥል አስቤ ነበር፤ ሕፃኑ አለቀሰና ተሰነባበትን።

ሐሙስ፣ ታኅሣሥ 23

ተርትሬ ለዛፉ ክር የማደርገው ቀይ ሹራብ ፍለጋ ሰልባጅ ተራ ሄድኩ። ሻጯ ለማን ነው አለችኝ። ለባለቤቴ ማለት ቀለለኝ። ስንት ቁጥር ትለብሳለች? አላውቅም። ታዲያ ምን ታህላለች ስትለኝ፣ ሁለት እጄን ዘርግቼ የታደለችን ወርድ ለካሁላት። እጄ ያውቀው ኖሯል። ገበያ መሃል አየር አቅፌ መቆሜ የገባኝ ቆይቶ ነው። አፈርኩ። ሻጯ ግን አልሳቀችም፤ እንዲያውም ዋጋውን ቀነሰችልኝ።

ሹራብ መተርተር ቀላል ነው፤ ችግሩ ማጠንጠኑ ላይ ነው። ታደለች ስትተረትር እኔ ፊት ለፊቷ ተቀምጬ ሁለት ክንዴን እዘረጋለሁ፤ እሷ ክሩን ክንዴ ላይ ታጠነጥናለች። ዛልኩ እላታለሁ። ትንሽ ቻል ትለኛለች። በየዓመቱ እንደ ቅጣት ነበር የምቆጥረው። ዛሬ ወንበር ገልብጬ እግሮቹ ላይ አጠነጠንኩ። ከሰዓት በኋላውን ሙሉ ናፈቀችኝ፣ በጣም ናፈቀችኝ። ይኸው ጻፍኩት። ለወረቀት መናገር ምን ይከብዳል።

አርብ፣ ታኅሣሥ 24

ቆመ። ጣሳው ውስጥ ጭቃ ጨመርኩበትና ቀጥ አለ።

ዛፉ ላይ የሰቀልኩት፦
ቆርኪ፣ በሚስማር በስቼ በክር የሰካሁት። ከሰፈራችን ግሮሰሪ ነው የለመንኩት። ጴንጤው ሽማግሌ የቢራ ቆርኪ ሲለቅም ታየ ተብሎ ሳይወራ አይቀርም።
የተጫረ ሲዲ፣ በመቀስ ኮከብ ያደረግኩት። ኮከብ ከሆነው የተሰባበረው ይበልጣል።
ከውሃ ፕላስቲክ ቂጥ የተቆረጠ አበባ።
የቀይ ክር ኳስ፣ አንዱም ክብ ያልሆነ። አንዱን ድመቷ ይዛ ሄዳለች፤ ስለዚህ ዛፉን ጠረጴዛ ላይ አወጣሁት።

መብራት ጠፍቶ ነበር። ሲመጣ የአምናዎቹን ትንንሽ አምፖሎች ሰካሁ። የሲዲዎቹ ነጸብራቅ ግድግዳው ላይ ተበተነ። ጣሪያው፣ መጋረጃው፣ ሸሚዜ ሳይቀር ሰማያዊና አረንጓዴ ሆነ። “ታደለች፣ ነይ እዪ!” ብዬ ወደ ወጥ ቤት ተጣራሁ። አፌ ለምዶ ነው። መልስ እስክትሰጠኝም ትንሽ ጠበቅኩ።

ነገ ፎቶ አነሳለሁ።

ቅዳሜ፣ ታኅሣሥ 25

ከፎቶው በፊት ቤቱን ጠረግኩ። መጋረጃ አጠብኩ። ያልታጠበውን ሳህንና ያሳረርኩትን ድስት ጓዳ ደበቅኩ። የሶፋውን ልብስ እሷ እንደምታደርገው አጥፌ አስተካከልኩ። ከዚያ አነሳሁና በቴሌግራም ላክሁ።

ወዲያው ደወለች። ድምፅዋ ደስ ብሎታል። ለምሕረት አሳይታለች፣ ለአማቻችን አሳይታለች፣ ለጎረቤቶቻቸውም አሳይታለች። ጃንጥላዋን አውቃዋለች። ከዚያ እንዲህ አለችኝ፦

“እኔ እኮ ብቻውን እንዴት ሆኖ ይሆን እያልኩ ስሳቀቅ ነበር። እንዲህ ከቻልክበትማ ልቤ ዐረፈ። እስከ ጥምቀት ልቆይ።”

ደስ ይበልሽ አልኳት። ምላሴን ማን እንደያዘው አላውቅም፤ ያ ብቻ ነው የወጣው።

ምን ዓይነት ጅል ነኝ? ናፍቆቴ እንዲታያት ብዬ የሠራሁት፣ ያለ እሷ መኖር እንደምችል ምስክር ሆነብኝ። ፎቶ መነሳት የነበረበት የአረረው ድስት ነው። አሁን ልላከው ብዬም ነበር፤ ሆን ብዬ ያሳረርኩት ይመስላል ብዬ ተውኩት። ምሳ ሳልበላ ዋልኩ።

እሑድ፣ ታኅሣሥ 26

ከአምልኮ ስንወጣ ጎረቤቴ ወይዘሮ ጽጌ ዛፉን ካላየሁ ብለው አብረውኝ መጡ። ፎቶው ደርሷቸዋል፤ ታደለች ለማን ያላሳየችው አለ። ቆርኪዎቹን ሲያዩ እስኪያስነጥሳቸው ሳቁ። ስቀው ሲጨርሱ የእኔን ፊት አዩና ምን ሆነው ነው አሉኝ።

ነገርኳቸው። ዕቅዴን፣ ፎቶውን፣ ጥምቀቱን። እኔ ዝም አይነቅዝም ብዬ ነው የኖርኩት አልኳቸው።

“አቶ ማቴዎስ፣ ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል። እርስዎ ዛፍ ሠሩላት እንጂ ነይ አላሏትም።”

እሳቸው ባላቸው ካረፉ ቆዩ። የምጠራው ሰው ቢኖረኝ ስልክ አነሳ ነበር፣ ጃንጥላ አልፈታም ነበር አሉኝና ወጡ። ተናደድኩባቸው። ያናደደኝ እውነታቸውን መሆኑ ነው።

ሰኞ፣ ታኅሣሥ 27

ጠዋት ደወልኩላት። በርበሬው የት ነው አልኩ። በርበሬው ፊቴ ነበር። እኩለ ቀን ላይ ደወልኩ። የሕፃኑን ሳል ጠየቅኩ። ተሽሎታል፤ እግዚአብሔር ይመስገን። ሌላስ አለች። ሌላ ምንም አልኩ።

በኋላ፣ የሁለቱ ጥሪዬ ነገር ገብቷት ነው መሰል፣ ምሕረት ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ደወለችልኝ። “አባዬ፣ የባሌ እናት ትናንት ገብተዋል፣ ሰው አላጣሁም። እማዬን ሂጂ ብላት ግን ገፋችኝ ብላ ታዝናለች። አንተው ጥራት።”

እንግዲህ ሰበቡ ሁሉ አለቀ። አራስ የለም፣ ሳል የለም። የቀረው የእኔ አፍ ብቻ ነው። ዛፉ ፊት ቆሜ ተለማመድኩ። የመጀመሪያው ሙከራ ጉባኤ ላይ የሚነበብ ማስታወቂያ መሰለ። ሁለተኛው አሳቀኝ። እምቢ ብትለኝስ? እስከ ጥምቀት ልቆይ ያለችው ፈልጋው ቢሆንስ? እዚያ ሕፃን አለ፣ ሳቅ አለ። እዚህ ያለሁት እኔ ነኝ።

ማክሰኞ፣ ታኅሣሥ 28

መናኸሪያ ነኝ፤ ድንጋይ ላይ ቁጭ ብዬ ነው የምጽፈው። ሻሸመኔን አልፈናል የሚል መልእክት ከታደለች አሁን ደረሰኝ። የዋዜማው ግርግር አይጣል ነው። ዶሮ ይዞ የሚጋፋው፣ ሻንጣ የሚጎትተው፣ ባጃጅ የሚጣራው። መኪናዋን እንዳላጣው የሚገባውን ሁሉ ቀና ብዬ አያለሁ።

ማልጄ ነበር የደወልኩት። ሰላምታ ከጀመርኩ መንገዱ እንደሚጠፋብኝ ስላወቅኩ፣ ገና ሃሎ ስትል “ታደለች፣ ናፍቀሽኛል። ነይ” አልኳት።

አሞሃል እንዴ አለችኝ። አላመመኝም አልኩ። የሞተ ሰው አለ? የለም። ታዲያ ምን ሆነህ ነው? ምንም፣ ይኸው ነው አልኳት። ከኋላዋ ሕፃኑ ሲነጫነጭ፣ የምሕረት አማት ሲያባብሉት፣ የሻይ ማንኪያ ሲንኳኳ ሁሉ ይሰማኛል። እንደዚያ ጥርት ያለ ኔትወርክ ኖሮን አያውቅም።

“አልሰማሁህም” አለች። “ድገመው።”

ደገምኩት።