ተገልብጦ የተሰቀለ ጋዜጣ

ማክሰኞ፣ ሚያዝያ 9
ከፎቶ ቤቱ፣ ከኋለኛው ክፍል

ሳልቆጣ ልጻፍለት ብዬ ሦስት ቀን የታገስኩልህ ልጄ፣

እንዴት ሰነበትክ? ሦስቱ ቀን አለፈ፣ ቁጣው ግን አላለፈም። እንግዲህ ከነቁጣዬ ተቀበለኝ።

ይህን የእጅ ጽሑፍ አታውቀውም። ፊደሎቹ እንደ ሰካራም ቢንገዳገዱም የእኔ ናቸው። ሁለት ዓመት ሙሉ ለአጎትህ “ጉልበቴን ልታሽ ሄድኩ” እያልኩ ከምሳ በኋላ የጎልማሶች ትምህርት ስማር ነበር። ጉልበቴ ደህና ነው። መምህሬ የልጅ ልጄ የምትሆን ልጅ ናት፤ ስሳሳት “እማማ፣ የዚችኛዋ እግር በዚህ በኩል ነው” ትለኛለች። ስድሳ አራት ዓመት ለማንም እግር ሳልጎነበስ ኖሬ ለፊደል እግር ጎነበስኩ። ለምን ደበቅሽው ትለኝ ይሆናል። ማንበብ በማይችል ሰው ፊት ሰዎች ወረቀታቸውን አይሰበስቡም፣ ለዚያ ነው።

አጎትህም አልሰበሰበም። ለእሱ የላክኸው ደብዳቤ ቅዳሜ ጠዋት ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቶ አገኘሁት። “እማዬ ደክሟታል። ጋዜጣ ገልብጣ ስታይ ያነሳሃትን ፎቶ በስልኬ ሳየው ልቤ ተሰበረ። ራሷም ባለፈው ደብዳቤዋ ደክሞኛል፣ ፎቶ ቤቱን አጎትህ ይረከበው ብላኛለች። በወሩ መጨረሻ ውክልናውን ፈርሜ እልካለሁ” ይላል። ሁለት ጊዜ አነበብኩት። መጀመሪያ በደንብ ያላነበብኩት መስሎኝ ነበር።

ልጄ፣ እንዲህ ያለ ቃል ከአፌ አልወጣም። አባትህ ከሞተ ወዲህ ሰባት ዓመት ሙሉ እኔ እየተናገርኩ ደብዳቤዬን የሚጽፍልህ አጎትህ ነው። ስልኩም የእሱ ነው፤ ስንነጋገር አጠገቤ ቆሞ ይሰማል። ባለፈው ጊዜ እኔ ያልኩት፣ የሰው ፊት የምናነሳበት ሌንስ ውስጡ ሻግቷል፣ ሌላ እየፈለግን ነው፣ አንተም በብርዱ ሹራብ ልበስ፣ ይኸው ነበር። ሹራቡን እንኳ ጽፎልህ እንደሆነ አላውቅም።

ስለ ጋዜጣው ደግሞ ላስረዳህ። አባትህ አዲስ ሌንስ ሲመጣለት ጋዜጣ ግድግዳ ላይ ይሰቅልና የሌንሱን ዓይን እስከ መጨረሻው ከፍቶ ያነሳዋል። ፎቶውን አሳድጎ ያየዋል፤ ፊደሉ ከተነበበ ሌንሱ ጥሩ ነው። ከዚያ “ነይ እስቲ አንቺም እይው” ይለኛል። እኔ አይና “በስተቀኝ በኩል መስመሩ ጸጉር አብቅሏል” እለዋለሁ። “እኔ ግን አነበዋለሁ” ይላል። በሳምንቱ ደንበኛ ፎቶውን መልሶ ሲያመጣ የእኔ ቃል እውነት ይሆናል። የሚያነብ ሰው እኮ ፊደሉን አያየውም፤ ግማሹን ያይና ግማሹን ከራሱ ይሞላዋል። ለእኔ ያኔ ፊደል ጥቁር መስመር ነበር። መስመር ደግሞ ወይ ይጠራል ወይ አይጠራም። ከዚያ ወዲህ ያለ እኔ አንድ ሌንስ አልገዛም፤ ለሰው ግን “እኔ መረጥኩት” ነበር የሚለው። ሞቷልና አልከራከረውም። እንዳልረሳሁት ግን ይወቅልኝ።

አሁን ስህተቴን ልንገርህ፤ ከአጎትህ ከምትሰማው ከእኔ ስማው። አምና፣ ማንበብ በቻልኩ ሰሞን፣ ሻንጣው አንድ ሌንስ አመጣልን። ሻንጣው የምንለው ዕቃውን በሻንጣ እያዞረ የሚሸጠውን ነጋዴ ነው። እንደ አባትህ ጋዜጣ ሰቅዬ አነሳሁና ርዕሱን ከዳር እስከ ዳር አነበብኩት። ደስታዬ ልክ አልነበረውም፤ ጥሩ ነው አልኩና ገዛነው። በዚያው ሌንስ አንዲት ሙሽራ አነሳሁ። ሽፋሽፍቷ ቀለም እንደ ጠጣ ብሩሽ ተጣብቆ ወጣ። እናቷ መጥታ “ልጄን ጉም ውስጥ አስገብተሽ ነው እንዴ ያነሳሻት?” አለችኝ። በአሮጌው ሌንስ ደግሜ አነሳኋትና ማታውኑ ነገሩ ገባኝ፤ እኔም እንደ አባትህ ማንበብ ጀምሬያለሁ። ፊደሉን አልተውም፣ በስተርጅና ያገኘሁት ነው። ዓይኔንም አልሰጥም። ከዚያን ቀን ወዲህ ጋዜጣውን ገልብጬ እሰቅላለሁ። የተገለበጠ ፊደል አይነበብም፣ ይታያል እንጂ።

ባለፈው ወር ሻንጣው ሁለት ሌንስ ይዞ መጣ። ሁለቱም ጨለማ የማይፈሩ፣ ዓይነ ሰፊዎች ናቸው። ጋዜጣዬን ገልብጬ ሰቀልኩ።

“እትዬ፣ ጋዜጣው ተዘቅዝቋል” አለ አጎትህ፣ ሻንጣውን በዓይኑ እየጠቀሰ።

“ይዘቅዘቅ” አልኩት።

“ራስጌና ግርጌ ያልለየች ናት እንግዲህ ሌንስ የምትመርጥልን።”

ሻንጣው ሳቀ። እኔ ሥራዬን ቀጠልኩ። ከጋዜጣው በኋላ አጎትህን ጓሮ ወስጄ ዛፉን በጀርባው አድርጌ በርጩማ ላይ አስቀመጥኩት፤ ሌንስ የሚፈተነው በሰው ፊት ነዋ። በመጀመሪያው ሌንስ ዓይኑ ደህና ወጣ። ጀርባው ግን ጉድ ነው። ቅርንጫፉ ሁሉ ሁለት ሁለት ሆኖ ከራሱ ላይ እሾህ የበቀለበት አስመሰለው፤ በቅጠሉ መሐል የሚገባው ብርሃን ደግሞ እንደ ተቆረጠ ሽንኩርት ክብ በክብ ላይ ሆነ። ዓይንህ ፊቱ ላይ ልረፍ ሲል ጀርባው ይጎትተዋል። ጥሩ ብዥታ እንደ ጨዋ ጎረቤት ነው፤ መኖሩን ታውቃለህ፣ አይጮህብህም። ሁለተኛው እንደዚያ ነበር። የቀረበው ዓይን ሽፋሽፍት አንድ በአንድ ይቆጠራል፣ ጆሮው መሟሟት ይጀምራል፣ ቅጠሉ እንደ ተዘረጋ ጨርቅ ይለሰልሳል። ከምስሉ ዳር ዳር ትንሽ ይደክማል። ይድከም፤ ሰው ፊቱን ዳር አስቀምጦ አይነሳም።

“ሁለተኛውን እንወስዳለን” አልኩ።

አጎትህ ለካ የመጀመሪያውን እወስዳለሁ ብሎ ለሻንጣው ቃል ሰጥቶ ኖሯል። በባዕድ ፊት ቃሉን አጠፍኩበት። ከጋዜጣው ጋር በስልኩ ያነሳኝ ያን ዕለት ነው። አላዋቂ ሳሚ እንደሚባለው፣ እኔን ላሳጣ ብሎ ራሱን ለቀለቀ።

ቅዳሜ ደብዳቤህን አንስቼ እፊቱ ቆምኩና ከላይ እስከ ታች ጮክ ብዬ አነበብኩለት። ሁለት ቦታ ተደናቀፍኩ። ሳልጨርስ አላቆምኩም።

“ማን አነበበልሽ?” አለኝ። እፊቱ እያነበብኩ ማን አነበበልሽ ይለኛል።

“ዓይኔ።”

“ከመቼ ጀምሮ?”

“ጉልበቴ ካመመኝ ጀምሮ።”

“ለአንቺው አስቤ ነው፣ እትዬ። ደክሞሻል” አለኝ።

“ደክሞኛል ብለህ የጻፍከው አንተ ነህ። የደከመው ይረፍ።”

አላባረርኩትም። የሚያለቅስ ሕፃን አስቆ ፎቶ ለማስነሳት እሱን የሚያህል የለም፤ ዛሬም ገብቷል፣ እያኮረፈ ሕፃናት ያስቃል። ጠረጴዛውን ግን ተረክቤዋለሁ። አሁንም የምጽፍልህ በእሱ ብዕር ነው።

ጓሮ ያነሳኋቸውን ሁለቱን ፎቶዎች ከዚህ ጋር ልኬልሃለሁ። የቱ በየትኛው ሌንስ እንደተነሳ አልጻፍኩበትም። የአጎትህን ፊት በአውራ ጣትህ ሸፍነህ መጀመሪያ ጀርባውን እየው፣ ከዚያ ዓይኑን። ማንንም አትጠይቅ። የፎቶ ቤት ልጅ ነህና ይገባሃል።

ውክልናውን አትፈርም ብዬ አልለምንህም። ልመና አላስተማሩኝም። ከፈረምክ የምትሰጠው ከአባትህ የደረሰህን ግማሽ ነው፤ ግማሹ በእኔ ስም ነው። ትናንት መዝገብ ቤት ሄጄ ራሴ አንብቤዋለሁ፤ ጸሐፊው “ላንብብልዎት?” ሲለኝ “አትድከም” አልኩት። ከዚህ በር የሚያስወጣኝ ወረቀት እስካሁን አልተጻፈም። እኔን ያስከፋኝ ፎቶ ቤቱ አይደለም። ያን ፎቶ አይተህ “እማዬ፣ ምን እያደረግሽ ነው?” ብለህ አለመጠየቅህ ነው። ሕፃን ሳለህ ስለ ሁሉ ነገር ትጠይቀኝ ነበር።

የሄድክ ዕለት ያነሳሁህ ፎቶ አሁንም መስኮቱ ላይ አለ። ደንበኞች ማነው ይሉኛል። የሌንስ መሞከሪያ ነው እላቸዋለሁ። ፀሐይ እንዳያደበዝዘው በየጊዜው አዲስ አጥቤ እቀይረዋለሁ፤ ለሌላ ነገር አይደለም፣ መስኮት ላይ የደበዘዘ ፎቶ ደንበኛ ያሸሻል።

ጤና አይጉደልህ። በሰው አገር ክፉ ቀን በራፍህን አይወቀው፣ የያዝከው ይቅናህ፣ የሚያዝንልህ ሰው አትጣ። መልስህን ግን በአጎትህ ስም እንዳትልከው። ፖስታው ላይ የእኔን ስም ጻፍ። ደግም ይሁን ክፉ፣ እኔው ከፍቼ እኔው ላንብበው።

እናትህ