ለሄኖክ መኪና የእሽቅድምድም ቀበቶ

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 18 ቀን 2018 ዓ.ም.

ጠዋት ሄኖክ፣ የወንድሜ የዮናስ ጓደኛ፣ የእሽቅድምድም ቀበቶ ይዞ ካራ ያለው ጋራዤ መጣ። ዮናስ እንጦጦ ቁልቁለት ላይ መኪናው ተገልብጦበት ከሞተ ወዲህ አላየሁትም ነበር።

"የድሮውን ቁረጠውና ይሄን ግጠምልኝ" አለኝ።

"ኦርጅናሉ አይነካም። ይሄ ለውድድር ነው፤ ከተማ ውስጥ የራሱን ታስራለህ" አልኩት። ቁልፉን ሰጠኝ።

ቀኑን ሙሉ እሱን ስሠራ ዋልኩ። የትከሻው ማሰሪያ ወለል ላይ ከታሰረ በግጭት ጊዜ አከርካሪን ቁልቁል ይጫናል። ስለዚህ ከወንበሩ ኋላ በትከሻው ልክ ወፍራም ብረት ገጠምኩና እዚያ ላይ አሰርኩት።

"ዮናስም እንዲህ ያለ ቀበቶ ቢኖረው..." ብሎ ተወው ሄኖክ።

ዮናስ ቀበቶ ነበረው። መኪናው ቀበቶ እሰር እያለ ጢጥ ጢጥ እንዳይልበት ባዶውን ይቆልፈውና ላዩ ላይ ተደግፎ ይነዳ ነበር። ለሄኖክ አልነገርኩትም። ምንም አልተሰማኝም፤ ብሎኑን ማጥበቅ ቀጠልኩ።

ማምሻውን በመኪናዬ ወደ ቀበና ስገባ ጀርባዬን የሆነ ነገር ቆረቆረኝ። መብራት ይዞኝ ስቆም በእጄ ዳሰስኩት። የኔም ቀበቶ ከጀርባዬ ተቆልፏል።

አረንጓዴ ሲበራ እንዳለ ትቼው ነዳሁ።